የፓዳን ዊንች

የታናሽ እህቴ ባል ፓዳን ላባን አንድ ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው ነው። እህቴን ሪናይን ሊያገባ ሲመላለስ አባታችን ደጋግሞ ፊት ነሳው። እሱ ግን ሰኞ ሰኞ እየመጣ ለእርሻ የምናረባቸውን ጎሾች በረት ያጥር ነበር። ያልፈረሰውን አጥር ነው የሚያጥረው። በመጨረሻ አባታችን፣ ልጅቷን ካልሰጠሁት ይሄ ሰው እኛንም አጥሮ ሊያስቀረን ነው ብሎ ሰጠው። እኔ ያኔም አልወደድኩትም። የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ፣ እኔ ዶርካስ ሰው ቶሎ አልወድም።

ሪናይ ግን ወደደችው። ልጃቸው ስትወለድ እንደ ወጋችን ድግስ ተደግሶ ስሙን ቀየረ፤ ፓዳን የሚለው ያኔ ለራሱ የመረጠው ስም ነው። ልጅቷ አድጋ ሚሪ ከተማ ተዳረች። ሁለቱ እዚሁ ተራራው ላይ፣ መንደራችን ባከላላን ቀሩ፣ እሱ በፒካፕ መኪናው ሰውና ዕቃ እያመላለሰ፣ እሷ ከተራራው ምንጭ ጨው እያፈላች።

ከባከላላን ወደ ላዋስ ከተማ የሚወርደውን መንገድ ግንድ ቆራጮች ለራሳቸው ብለው የቀደዱት ነው። ዝናብ ካልጣለ ማለዳ የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ ከተማ ይገባል። ከጣለ ግን መቼ እንደሚገባ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ አገር ሾፌር ያለ ዊንች አይሠራም። ዊንች ከፊት ፓራውልቱ ላይ የሚታሰር፣ የብረት ገመድ የሚጠቀልል ሞተር ነው። ገመዱን ከዛፍ ታስራለህ፣ ቁልፉን ትጫናለህ፣ መኪናው ራሱን እየጎተተ ከጭቃው ይወጣል። ፓዳን ለብዙ ጊዜ በሰንሰለትና በአካፋ ሲታገል ኖሮ ነበር። ኋላ አንድ ሰው ከግንድ ቆራጮቹ ሰፈር ለቆ ሲሄድ፣ ጎሽ ሰጥቶ ያገለገለ ዊንች ለወጠ።

ገጠማውን ራሱ ሠራው። ዊንች ብዙ ኃይል ስለሚበላ ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልገዋል። ኮፈኑ ሥር ቦታ ስላልነበረ፣ ባትሪውን ከኋላ ጭነቱ ቦታ ላይ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ጥግ በእንጨት ሳጥን ከቶ አስቀመጠው። ማሳውን፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ወፍራም ገመድ ማለቴ ነው፣ እዚያው ጥግ ወለሉን በስቶ ከሻንሲው ጋር በብሎን አሰረው። ሥራው ያማረ ነበር። ሪናይም ጥጉ እንዳያስጠላ እናታችን የሠራችውን የሰሌን ምንጣፍ አምጥታ ብሎኑንም ገመዱንም ሸፈነችው።

ጥጉ የጨው ቦታ ነበር። ድሮ ሸክማችን በጀርባ በነበረበት ዘመን ጨው ከቅርጫቱ አናት፣ ወደ ጭንቅላት ተጠግቶ ነበር የሚቀመጠው፣ ወንዝ ስንሻገር ውኃ እንዳይነካው። መኪና ሲመጣ ደግሞ የመኪናው ጭንቅላት ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ጥግ ነው ተባለ። ማን እንዳለው አላውቅም። ጨው መጀመሪያ ይጫናል፣ መጨረሻ ይወርዳል፣ በላዩ ሌላ ዕቃ አይደረብበትም። ሪናይ ደግሞ ጨዉን በቅጠል የምትጠቀልለው ገና ሳይደርቅ፣ ከማፍያው በርሜል እንደወጣ ነው። የከተማ ዘመዶቻችን እንደዚያ ነው የሚወዱት። የደረቀውን ከሱቅም እናገኘዋለን ይላሉ።

ብዙም ሳይቆይ መኪናው አመል አወጣ። ፓዳን ዊንቹን ሲጫን ሬዲዮው ይጠፋል፣ ፊት መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፊውዝ ይቃጠላል። ማለዳ ሊያስነሳ ሲል ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። በማግስቱ ደግሞ ሁሉም ነገር ደህና ይሆናል። ዑካብ የሚባለው ሌላው ሾፌር፣ አፉ የማያርፍ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር ይቀልድበት ነበር። ፓዳን ሁለተኛ ሚስት አገባ፣ ያውም ስትፈልግ የምትነሳ ሳትፈልግ የምትተኛ፣ ይላል። ሪናይ ከሁሉም በላይ ትስቅ ነበር። ከመጀመሪያዋ ሚስት የተማረችው ነው ትላለች።

ፓዳን ግን አይስቅም። ላዋስ በወረደ ቁጥር አህ ሴንግ የሚባለው ቻይናዊ መካኒክ ጋ ይገባል። ዲናሞው ተቀየረ። ባትሪው ተቀየረ። ቁልፉ ተቀየረ። አህ ሴንግ ቴስተሩን በባትሪው ላይ ያደርግና ደህና ነው ይላል። ዛሬ ሳስበው፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ባትሪ ምን ይሆናል? አንድ ቀን እኔም እዚያው ቆሜ ሳለሁ፣ ማሳውን አይተኸዋል ወይ ብሎ ጠየቀው። ፓዳን ቅር አለው። «እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለና ወሬውን ቀየረ። አህ ሴንግም ሌላ ሰው የሠራውን መንካት አይወድም፣ ተወው። ብቻ ሁለቱን ባትሪዎች የሚነጥል ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመለት፤ ዊንቹ ሲጎትት ከኋለኛው ባትሪ ብቻ እንዲበላ፣ ዋናውን እንዳያደርቅ። ከዚያ በኋላ መብራቱ አይደበዝዝም፣ መኪናውም ማለዳ ይነሳል። ዊንቹ ግን እንደ ልቡ ነው፣ አንዴ ይጎትታል፣ አንዴ ቀጭ ብሎ ይቀራል። ፓዳን ያገለገለ ዕቃ መግዛቴ ነው ብሎ ራሱን ይረግም ጀመር።

ሪናይን ሆዷን የጀመራት ምንጩ ዘንድ ሳለች ነው። እሳቱ ከተለኮሰ እስኪያልቅ አይጠፋምና ለማንም ሳትናገር ጨዉን አፍልታ ጨረሰች። ቤት ስትገባ የበላሁት ነው አለች። ቅዳሜ ማታ ስትንቆራጠጥ አደረች። እሑድ ማለዳ ጠርታኝ ስደርስ ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቋል። የጤና ጣቢያችን ሰው እጁን አሳርፎበት ፊቱ ተለወጠ። ትርፍ አንጀቷ ነው፣ ሳይፈነዳም አልቀረም፣ ዛሬ ሆስፒታል ካልገባች አልቆላታል አለን። ትንሿ አውሮፕላን በደመናው ምክንያት እንደማትመጣ በሬዲዮ ተነገረን። ሌሎቹ ሾፌሮች ቅዳሜ ወርደዋል፤ እሑድ ደግሞ በእኛ ዘንድ ማንም መሪ አይጨብጥም፣ ሰኞ ነው የሚመለሱት። የቀረው የፓዳን መኪና ነበር።

ቄሱ መኪናው ላይ እጁን ጭኖ ጸለየ። ሪናይን ኋላ ወንበር ላይ አስተኛናት፣ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ሞተሩ ተነስቶ ልንሄድ ስንል ጨዉስ አለች።

የምን ጨው ብዬ ጮህኩባት። ነፍሷ ልትወጣ ደርሳ ስለ ጨው ታወራለች። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። «ባዶ እጄን ሰው ቤት አልገባም። ሐኪሞቹስ ሰዎች አይደሉም?» አለች። ፓዳን ከእሷ ጋር መከራከሩ ጊዜ እንደሚፈጅ ያውቃል። ሮጦ ከቤት ጥቅሎቹን አቅፎ መጣና እንደ ሁልጊዜው በቦታቸው፣ ምንጣፉ ላይ ደረደራቸው። ገና እርጥብ ነበሩ፤ ሸሚዙ ፊት ለፊቱ ርሶ ነው ወደ መሪው የተመለሰው።

ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ ስላደረ ቀይ ዳገት የምንለው ቦታ ቀልጦ ጠበቀን። ፓዳን በከባድ ማርሽ ገባበት። ግማሽ ያህል እንደወጣን የኋላው ተንሸራተተና ጎማዎቹ ቦዩ ውስጥ ገብተው መሽከርከር ጀመሩ። ጭቃው መስኮቱን ሸፈነው። ሪናይ በየንቅናቄው ትጮኻለች፣ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። ከዚያ ቆምን።

ፓዳን ወርዶ የዊንቹን ገመድ ስቦ ከላይ ካለው ትልቅ ዛፍ አሰረ። ቁልፉን ተጫነ። ቀጭ አለ። ገመዱ የሚጠቀለልበት ከበሮ ንቅንቅ አላለም። ደገመው፣ ቀጭ አለ። የመፈተሻ አምፖሏን አውጥቶ ዊንቹ ላይ ሲነካት ቦግ ብላ በራች፣ ኤሌክትሪኩ ደርሷል ማለት ነው። የዊንቹን የኤሌክትሪክ ገመድ ጫፎች ፈትቶ በቢላዋ ፋቀ፣ መልሶ አሰረ። ቀጭ። የዊንቹን ማስነሻ በመዶሻ እጀታ መታው። ቀጭ። በመጨረሻ ያቺን የአህ ሴንግን ማብሪያ ከፍቶ ከዋናው ባትሪ ጋር አገናኘና ተጫነ፣ ከበሮው ትንሽ ዞረ፤ ወዲያው ፊውዙ ተቃጠለ። መለዋወጫውን አስገባ፣ እሱም ተቃጠለ። ሌላ አልነበረውም።

ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ፊውዝ የሚበላውም ለዚህ ነው አለኝ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። አካፋውን አንስቶ ጎማዎቹ ሥር መቆፈር ጀመረ፤ እሱ ሲቆፍር ጭቃው ይመለሳል። ቅርንጫፍ ቆርጦ ከጎማው ሥር ጠቀጠቀ፣ ጎማው ተፍቶ ወደ ኋላ ወረወረው። እኔ ሰው ባገኝ ብዬ ዳገቱን ወጣሁና መንገዱን አየሁ። ለወትሮው ማንም ሾፌር የተቸነከረ መኪና አልፎ አይሄድም፣ ሲሆን ሲሆን ሦስትና አራት መኪና ተደርድሮ ይጎትትሃል። ግን እሑድ ነው። እግዚአብሔርን ብለን የተውነው መንገድ ጭር ብሎ ተዘርግቷል። ያን ቀን እግዚአብሔርን ምን እንዳልኩት እዚህ አልናገርም።

ስመለስ ፓዳን ዊንቹ ፊት ተንበርክኮ ያወራዋል። «እባክህ» ይለዋል። «አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ ወንዝ ውስጥ ብትገባም ግድ የለኝም፣ አንዴ ብቻ።» እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ተነስ፣ ሚስትህ ውስጥ ናት፣ ብረት አትለምን አልኩት። ደግሞ ምን ያድርግ። የሚያውቀውን ሁሉ ሞክሯል።

ሪናይ መጮኋን አቁማ ነበር። ከንፈሯ ደርቋል፣ ሰውነቷ እሳት ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ፓዳንን ጠራችው።

«ብርድ ብርድ አለኝ» አለችው። «የእናቴን ምንጣፍ አምጣልኝ። ልተኛበት።»

ፓዳን ወደ ኋላ ወጥቶ ጨዉን አንድ በአንድ አወረደ። ከታች ያሉት ጥቅሎች ያንጠባጥባሉ። ምንጣፉን አንስቶ ሊያቀብለኝ እጁን ሲዘረጋ ቀጥ ብሎ ቀረ። ምን ሆንክ ብዬ እኔም ወጣሁ።

ብሎኑ የለም። ብሎን የነበረበት ቦታ ላይ አረንጓዴና ነጭ የሆነ ቅርፊት አብጦ ተቀምጧል። ፓዳን ወፍራሙን ገመድ ሲነካው ጫፉ እንደ ራሰ ዳቦ እጁ ላይ ፈረሰ። ላስቲኩ ከላይ ደህና ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበልቶ አልቆ ጥቂት ክሮች ብቻ ናቸው የያዙት። ጥቂት ክር አምፖል ለማብራት ይበቃል፣ ዊንች ለማዞር ግን አይበቃም፤ ፊውዙም የተቃጠለው ሸክሙ ሁሉ ዋናው ባትሪ ላይ ስለወደቀ ነው። ዊንቹ ደህና ነበር። ከመጀመሪያውም ደህና ነበር።

ጨው ብረት እንደሚበላ ለእኛ ማንም አያስተምረንም። ሪናይ የምታፈላበት በርሜል በየዓመቱ ተበልቶ ይጣላል፤ በባከላላን ያለ ሕፃን ሁሉ ያንን የተበላ በርሜል እያንከባለለ ነው ያደገው። ግን ምንጣፉ ሥር ያየ የለም። ፓዳን መኪናውን ሁሉ ፈታትቶ ሲፈልግ የጨው ቦታ ስለሆነ ብቻ የምንጣፉን ሥር አልነካውም።

ምንጣፉን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ» አለኝ፣ «እንዳትነግሪያት።»

እኔ በሕይወቴ ሰው አዞኝ እሺ ያልኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ያን ቀን ግን አንገቴን ነቀነቅኩለት።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ባትሪውን ከሳጥኑ ነቅሎ አቅፎ ጭቃውን እየዳኸ ወደ ፊት ወሰደው፣ ፓራውልቱ ላይ በገመድ ጠፍሮ አሰረው። መኪና ማስነሻ ጃምፐር ገመዶቹን አውጥቶ ባትሪውን በቀጥታ ከዊንቹ ጋር አያያዘ። አይኑን ጨፍኖ ተጫነ። ከበሮው እየጮኸ ዞረ። ጃምፐሮቹ ቀጭን ናቸውና ይግላሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ይጎትታል፣ ያሳርፋል፣ በእጁ ይዳስሳቸዋል፣ ደግሞ ይጎትታል። መዳፉ ተቃጥሎ አሁንም ድረስ ምልክቱ አለ። እንዲህ እየተደረገ መኪናው ክንድ በክንድ ዳገቱን ወጣ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ሪናይ አይኗን ገለጠች።

«ምን ሆኖ ነበር?»

«ዊንቹ ነው» አላት። «ድሮም ብላሽ ነው። ተታለልኩ።»

«ጎሻችንን ይመልስልን እንግዲህ» አለች። ልትስቅ ፈልጋ አቃታት። የወረዱትን የጨው ጥቅሎች ጭነህ ይሆን ብላ ጠየቀችው፣ አዎ አላት። እውነቱን ነው፣ ያን ሁሉ እየሆነ እንኳ ሰብስቦ ጭኗቸው ነበር።

ላዋስ የገባነው ሲመሽ ነው። ሐኪሟ ከባሕር ማዶ የመጣች ወጣት ሴት ነበረች፤ ፈጥና ወደ ቀዶ ሕክምናው ወሰደቻት። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ መግሉ ሆዷ ውስጥ ተሰራጭቷል። ሰኞ ትንሽ የተሻላት መሰለን። ፓዳን አጠገቧ ተቀምጦ እያለ፣ ጨዉን ለሐኪሟ ስጣት፣ እንዳትረሳ አለችው። እንዳልረሳ ነገራት። ሐኪሟም ተቀበለች፣ ቅጠሉን ፈትታ ቀምሳ፣ ሪናይ ራሷ የሠራችው መሆኑን ስትሰማ እጇን ያዘቻት። ማክሰኞ ትኩሳቱ ተመለሰ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ እህቴ አረፈች። ልጇ ከሚሪ ስትደርስ ገላዋ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ ፓዳንን ልታጽናና ቆማ፣ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። ክፉ አስባ አይደለም፣ ሐኪሞች እንዲህ ያመልጣቸዋል። ፓዳን ግን ምን ያህል ቀደም ብለን አላት። እሱ የፈለገው አሐዝ አልነበረም። ዳገቱ ላይ የቆምንበትን ጊዜ ነው ያሰበው፣ እኔም ያንኑ ነው ያሰብኩት።

ቀብሩ ላይ የመንደሩ ሰው ሁሉ ዊንቹን ረገመ። ዑካብ፣ ያ ቀልደኛ፣ እያለቀሰ መፍቻ ይዞ መጥቶ ነቅሎ ወንዝ ሊወረውረው ነበር፤ ፓዳን እጁን ይዞ አስቆመው። ያገለገለ ዕቃ መግዛቱን፣ ስስቱን፣ ግትርነቱን ሁሉ በጆሮው ሰማ። የገዛ ልጁ፣ እናቴን የገደላት ያንተ ብረት ነው ስትለው እንኳ ራሱን ዝቅ አደረገ እንጂ አልተናገረም። እኔ ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። ምላሴን ለሚያውቅ ይህ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል።

ባትሪውን አሁን ኮፈኑ ሥር እንደምንም አጣቦ አስገብቶታል፤ ማሳው በወፍራም ገመድ በቀጥታ ከዊንቹ ወደ ባትሪው ይሄዳል። ዊንቹ እንከን የለውም። ቀይ ዳገት ላይ የተቸነከረ ሁሉ የሚወጣው በእሱ ነው፣ ዑካብን ራሱን ስንት ጊዜ ጎትቶታል። ዑካብ እየተጎተተም ይሰድበዋል።

ጨዉን አሁን የማፈላው እኔ ነኝ። እንደ ሪናይ አይሆንልኝም፣ ቅጠሉም በእጄ ላይ ይቀደዳል። ፓዳን ሲወርድ ለሐኪሟ የሚሆነውን ከእኔ ይወስዳል። ተሳፋሪው ቢሞላ፣ ሰው ከኋላ ጭነቱ ላይ ቢቀመጥ እንኳ የፊቱን ወንበር ለማንም አይሰጥም፤ ሪናይ የምትቀመጥበት ነበር። ጥቅሉን እዚያ ወንበር ላይ ያኖረዋል፣ ከሥሩ የእናታችንን ምንጣፍ አጥፎ ያደርግለታል፣ ከዚያ ቀበቶውን ስቦ ያስርለታል።

ሰዎች ፓዳን አእምሮው ተነካ ይላሉ። እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወድጄዋለሁ።